መጽሐፉ አለ፤ አንባቢውስ?

ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት ታሪክ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ጨዋታ እሰማለሁ። አንዱ በኩራት ይጀምራል፦ የራሳችን ፊደል፣ ብራናው፣ ገዳማቱ። ሌላው በቁጭት ያልቃል፦ መቅደላ፣ ዘረፋ፣ ለንደን። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ግን ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ስላሳለፍኩ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። መጽሐፉስ ነበረ፤ እንዲያነበው የተፈቀደለት ማን ነበር? የተፈቀደለትስ ደረሰበት ወይ? ታሪካችንን በዚህ ጥያቄ ስመረምረው በየዘመኑ አንድ በር ተከፍቶ ሥራው አለቀ ሲባል አያለሁ። ከኋላው ያለው ሁለተኛ በር ግን እንደተዘጋ ይቀራል።

በገዳም መጽሐፍ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ነው፤ ከጽናው፣ ከመቋሚያውና ከልብሰ ተክህኖው ጋር። አንዳንዱ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቁልፍ ያዡ የሚጠየቀው ስለ ንብረት ነው እንጂ ስለ አንባቢ አይደለም። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ተሰምሮ ነው ብራና የሚሆነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይወጣል፤ ጸሐፊውም ወራት ያጎነብስበታል። ስለዚህ በብዙ ብራናዎች ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ሰፍሮ እናገኛለን። ይህን ዓይነት ግዝት ባየሁ ቁጥር የሙያ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር እታዘባለሁ፦ የወሰደው ተወገዘ፤ ለፈለገ ሰው የከለከለው ግን ስሙ አልተነሣም።

ሆኖም ያው ሥርዓት በሌላ በኩል ክፍት ነበር። የአብነት ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ እየለመነ፣ የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱን ትርጓሜ ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። መጽሐፉ አንድ ቢሆንም የሰሙት ብዙዎች ናቸው። በዚህ መንገድ ማየት የተሳነው ሰውም ሊቅ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሆኗልም። በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴትም ዓይነ ስውርም ነበሩ። በአንባቢነት ሳይሆን በሰሚነት የገቡበት ትምህርት መምህርት አደረጋቸው። ዘመናዊው ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ በኋላ እንደ እሳቸው ላለ ሰው በሩን ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደፈጀ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጽሐፍ ታሪካችን የብራናና የግእዝ ብቻም አይደለም። ሐረር የዐረብኛ መጻሕፍት የሚገለበጡባትና በሚያምር ቆዳ የሚጠረዙባት ከተማ ነበረች። ዛሬ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በዚያው ከተማ በሙዚየም ይታያሉ። በወሎ ደግሞ እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብ ፊደል እየጻፉ መንዙማ አቆይተውልናል። እንዲህ ያለው አማርኛ ለብዙ ዘመን ከሃይማኖቱ ክበብ ውጭ አንባቢ አላገኘም። የአማርኛ መጽሐፍ ሲባል በሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አንድ ዓይነት ፊደል ስለሆነ ነው።

ወደ መቅደላ ልለፍ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ አምባ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ አብዛኛውን ከጎንደር አድባራት፣ 1,000 ያህል የሚገመቱ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሁሉ ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ዊልያም ራይት የተባለው ምሁር የሙዚየሙን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ካታሎግ በ1877 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መቅደላ ከወደቀ ገና 9 ዓመቱ ነበር። የለንደን አንባቢ የትኛው መጽሐፍ ምን እንደያዘ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ ዝርዝሩን ያገኛል፤ መጽሐፉ የተወሰደበት ደብር ግን ምን እንደጎደለው የሚነግረው ወረቀት እንኳ የለውም። ታሪኩ ሌላም ትምህርት አለው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ሲጽፉ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። መጽሐፉን አገሩ ያስገባው የንጉሡ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን የቅጂው ሁለት መሆን ነው። በእኛ ሙያ ቅጂ ማብዛት የጥበቃም የአገልግሎትም መጀመሪያ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅጂ ያበዛልን ማተሚያ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስም ጋዜጣ ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተከፈተ። ከዕቃ ቤት ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ትልቅ ነበር። ካህን ያልሆነ፣ መኳንንት ያልሆነ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ገብቶ ወንበር ስቦ መቀመጥ ቻለ። አንደኛው በር ተከፈተ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ከመቶ ዐሥር እንኳ አይሞላም ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ተሰጠው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ደም የፈሰሰበት ያው ሕንፃ ማለት ነው። በዚያ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። የንጉሥ ግብዣ የሚደረግበት ቤት የገበሬ ልጅ የጥናት ወረቀቱን የሚሠራበት ቤት ሆነ።

ከዚያ ትውልድ አንዲት ሴት በተለይ መጠቀስ አለባት። ሪታ ፓንክረስት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥታ መጀመሪያ በወመዘክር ሠራች። ኋላም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆና በአሜሪካ ርዳታ የተሠራው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በእሷ ጊዜ ሥራ ጀመረ። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ስለ ቴዎድሮስ የመቅደላ መጻሕፍት ነው፤ እንዴት እንደተሰበሰቡ፣ የት የት እንደተበተኑ ተከታትላ ጻፈች። ቀን አዲስ መደርደሪያ የምትሞላ ሴት የተበተነውን የድሮ መደርደሪያ ስትፈልግ ማየት ለእኔ የሙያው ሙሉ መልክ ነው።

መደርደሪያ መሙላት ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ ሥራ የጀመርኩበት ቤተ መጻሕፍት ተማሪው ራሱ ገብቶ የሚመርጥበት አልነበረም። ቦርሳውን ውጭ ያስቀምጣል፤ መታወቂያውን ያስይዛል፤ በቁራጭ ወረቀት የመጽሐፉን ቁጥር ጽፎ በመስኮቱ ያስገባል። እኛ ውስጥ ገብተን እናመጣለን። ተፈላጊዎቹ መጻሕፍት «ሪዘርቭ» ይባላሉ፤ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይሰጣሉ፣ ከግቢ አይወጡም። ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ የሚሰለፍ ነበር። የሚያሸንፈውም ጎበዙ ሳይሆን ዶርሙ ለቤተ መጻሕፍቱ የቀረበው ነው። ከተማ ተከራይታ የምትኖር፣ ከጨለመ በኋላ በእግሯ መመለስ የሚያስፈራት ልጅ ደግሞ ማታ የሚለቀቀውን መጽሐፍ አታስበውም። በደንቡ ላይ ሴት አትግባ የሚል አልተጻፈም፤ ሰዓቱ ራሱ ከልክሏት ነበር።

በዚህ መሐል የአገሪቱ ትልቁ የንባብ እንቅስቃሴ ከግቢያችን ውጭ ተካሂዷል። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። አስተማሪው ብዙ ጊዜ ከተማሪው በዕድሜ ያነሰ ነው፤ አባወራውና እማወራዋ ከእርሻና ከጓዳ ሲመለሱ ሰሌዳ ፊት ይቀመጣሉ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። ዘመኑ ብዙ ያስለቀሰን ዘመን ነው፤ ለዘመቻው የሚሰጠው ምስጋና ያንን አይሽረውም። ቢሆንም ማስተማሪያው በ15 ቋንቋዎች መዘጋጀቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ኦሮምኛ ተናጋሪዋ በኦሮምኛ፣ ወላይታው በወላይትኛ፣ ሱማሌው በሱማልኛ ፊደል ቆጠረ።

ሁለተኛው በር ተከፈተ ብንልም ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ፊደሉ ይጠፋበታል። ሌላም ነገር ተከተለ። ያኔ ሁሉም ቋንቋ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኦሮምኛ በላቲኑ ቁቤ ይጻፍ ጀመር። የቁቤን ጥቅም የቋንቋው ባለቤቶች ያውቁታል፤ የእኔ ጉዳይ መደርደሪያዬ ነው። በአንድ ቋንቋ፣ በሁለት ፊደል፣ በሁለት ትውልድ የተጻፉ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆመዋል። በዘመቻው ፊደል የቆጠረች እናት የልጅ ልጇን የትምህርት ቤት መጽሐፍ አታነበውም፤ የልጅ ልጇም የእሷን። አንዱን መርጦ ሌላውን ወደ መጋዘን ማውረድ ቀላል ነው። ሙያው የሚያዘው ግን ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ እንዲቀመጡና በካታሎጉ እርስ በርስ እንዲጠራሩ ነው።

ካታሎግ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉ የረቀቀው የተዘጋ በር እሱ ነው። በወጣትነቴ በሠራሁበት ቤት የአማርኛ መጽሐፍ ካርድ ሳይቀር የሚመታው በላቲን ፊደል ነበር። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፍቅር እስከ መቃብር የለም እንዴ?» አለኝ። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ልጁም የመሳቢያውን ካርዶች አንድ በአንድ ገልጦ ነው የመጣው። የፈለገው ትክክል ነው፤ የደራሲውን ስም እንደሚሰማው በአንድ «ዲ» ጽፎ ፈለገ። ካርዱ ላይ ግን ድምፁ ስለሚጠብቅ በሁለት «ዲ» ተመትቷል። «ሐ» ከሥሯ ነጥብ ያለባት «ኤች» ናት፤ ነጥቧን ታይፑ ስለማያወጣው በእስክሪብቶ ትጨመራለች። «ዓ» ደግሞ በግልብጥ ጭረት ትታወቃለች። ይህ ሥርዓት ለውጭ አገር ተመራማሪ ተስማሚ ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ለማግኘት መጀመሪያ የአውሮፓ ሊቃውንትን ምልክት መማር ነበረበት።

ኮምፒውተር ሲመጣ ችግሩ ወዲያው አልተፈታም። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የዩኔስኮን ሲዲኤስ አይሲስ ፕሮግራም ይጠቀሙ ነበር፤ የእኛም ካርድ ወደ እሱ ሲገባ ያው ላቲኑ ገባ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ርእሱን በፊደላችን ለመመዝገብ የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም፤ የቀረው የድሮውን መዝገብ አንድ በአንድ ተቀምጦ የማስተካከል ሥራ ነው። አድካሚ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለትም አይደለም። «ሀ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን አንባቢው በየትኛውም ቢጽፍ አንድ ውጤት እንዲያገኝ ካላደረግን ደግሞ በፊደላችን መዝግበንም ያው ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የስም ነገርም አለ። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ ዓለም አቀፉ የካታሎግ አሠራርም ይህን ተቀብሎታል። ሆኖም በየዳታቤዙና በየጥናቱ ማጣቀሻ ስማችን ተገልብጦ ይገኛል። የጌታቸው ኃይሌን ሥራ «ኃይሌ» በሚለው ሥር የሚያስቀምጥ መዝገብ የልጁን ድካም ለአባቱ ሰጠ ማለት ነው።

የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሕይወት ራሱ ወደ መጨረሻው ጉዳዬ ይወስደኛል። በ1968 ዓ.ም. ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመትተው ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ተራራ ወጥቶ፣ በገመድ ተስቦ፣ በጠባብ መሰላል ወደ ዕቃ ቤት መግባት ለእሳቸው የማይሞከር ሆነ። ነገር ግን ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ በጊዜ ሂደት 9,000 ያህል ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ጌታቸው እዚያ ተቀምጠው፣ በእግራቸው ሊደርሱባቸው የማይችሉትን ገዳማት መጻሕፍት እያነበቡ ዝርዝራቸውን ቅጽ በቅጽ አወጡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ያ ፊልም የተነሣው ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ አልነበረም፤ መጽሐፉ እንዳይጠፋ ነው። ለጥበቃ የተሠራው ቅጂ ትልቁን አንባቢ አስገኘ። መጠበቅና ማካፈል ይጣላሉ ለሚሉኝ ባልደረቦቼ የምመልስላቸው በዚህ ታሪክ ነው።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ እንደ የትነበርሽ ንጉሤ ያሉት ሕግ ተምረው በዓለም መድረክ ተሸልመዋል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋል። ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ መካከለኛ የሚባል ልቦለድ ብዙ ትላልቅ ጥራዝ ይሆናል፤ በርካታ መጽሐፍ በብሬል የማይገኘው በከፊል ለዚህ ነው። ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር ብዙ አቃልሏል። እኛ ግን «ዲጂታል አደረግነው» ብለን የምናስቀምጠው የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በስካነር የተነሣ ፎቶ ነው፤ ለሶፍትዌሩ ባዶ ገጽ ነው። አገራችን በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነት ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለማዘጋጀት መንገድ ይከፍታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ወረቀቱ አለ። ሥራው የሚቀረው ፎቶውን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው ሠራተኛ እጅ ነው።

በእኛ ሙያ ዓመታዊ ሪፖርት የሚጻፈው በተገዛ መጽሐፍ ቁጥርና በገባ ሰው ብዛት ነው። እኔ በምመራው ክፍል አንድ ተራ ደብተር መስኮቱ ላይ እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ሁሉ ይመዘገብበታል፦ ምን ፈለገ፣ ለምን አጣ። በሴሚስተሩ ማብቂያ አብረን ስናነበው የሚያስገርመን «መጽሐፉ የለንም» የሚለው ምክንያት ጥቂቱ መሆኑ ነው። የሚበዛው ሌላ ነው። ካታሎግ ሳይሠራለት መጋዘን የተከመረ፣ በሌላ ሆሄ የተመዘገበ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ የተቀመጠ፣ በሪዘርቭ የተያዘ፣ በፎቶ መልክ የተጫነ።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 4 ኪሎ ላይ ሲከፈት ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ በየክልሉ ይሠራ እላለሁ። ግን ሕንፃ የሚመልሰው የመጀመሪያውን በር ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ለሚጠይቁን ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው፦ ስንት መጽሐፍ እንዳለን በጠየቃችሁን ቁጥር ስንት ሰው እንደመለስንና በምን ምክንያት እንደመለስን አብራችሁ ጠይቁን። በጀቱም በዚያ ዝርዝር ይመደብ። ለሌላ መቶ አዲስ መጽሐፍ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለአንድ ካታሎግ ሠራተኛ ደመወዝ ቢውል ብዙ አንባቢ የሚያስገባበት ዓመት አለ፤ እንዲህ ያለው ዓመት በእኛ ዘንድ ብዙ ነው።